የማሰሪያ አንቀጽ ክብደት፦ «ነው»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «አይመስልም»

በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍርዱ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢ እስከ ማሰሪያው አንቀጽ ድረስ ታግሦ ይጠብቃል። ጸሐፊው «ነው» ቢል ነገሩ ተቆረጠ፤ «ሊሆን ይችላል» ቢል ገና አልተወሰነም። ይህ ልዩነት በሕክምና ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ከሚከተለው ምንባብ ተመልከቱ።

ምንባብ

ከደጋ ወደ ገለጉ ወርዶ ክረምቱን ሰሊጥ ሲያርም የሰነበተ አንድ ወጣት አለ እንበል። ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በጀርባው መተኛት ስለሚያፍነው ቁጭ ብሎ ያድራል፤ ቁርጭምጭሚቱም አብጧል። ጓደኞቹ «ድካምና ሙቀት ነው» ይሉታል። ወባ ደም ማነስ አስከትሎበት ሊሆን ይችላል፤ ኩላሊቱ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ደክሞም ሊሆን ይችላል። በልጅነቱ የተመላለሰበት የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት አምጥቶ የልቡን ቫልቮች ጎድቶ እንደ ሆነስ? በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ድካም ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ደም ይመረመራል። የልብ ግድግዳ ከመጠን በላይ ሲወጠር የልብ ጡንቻ ቢ.ኤን.ፒ. የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ የደም ሥሮችንም በማላላት የልብን ሸክም ያቃልላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያገኙት በዐሣማ አንጎል ውስጥ ስለ ነበር ስሙ የአንጎል ሆኖ ቀረ፤ ዋና ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው ስሙ ከጸና በኋላ ነው።

መጠኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሚለካው በፒኮግራም፣ ማለትም ግራም ለአንድ ትሪሊዮን ተከፍሎ በሚገኘው መጠን ነው። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ሰው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ፒኮግራም በታች ቢገኝበት፣ ሐኪሙ «የልብ ድካም አይመስልም» ብሎ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ቢሆን ግን «ሊሆን ይችላል» ብሎ ልቡ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ያዝዛል፤ እርጅናና የኩላሊት ሕመምም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታልና። እጅግ በወፈረ ሰው ደግሞ ልብ ደክሞ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል።

ማብራሪያ

ጓደኞቹ «ነው» ያሉት ምንም ሳይመረመር ነው። ወጣቱ ቃላቸውን አምኖ ወደ እርሻው ቢመለስ በሰውነቱ የሚጠራቀመው ውሃ ሳንባው ድረስ ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ «አይደለም» ሳይል «አይመስልም» ማለቱንም ልብ በሉ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። ይሁን እንጂ ሁሉን በ«ሊሆን ይችላል» ማሰር ደካማ ጽሑፍ ያደርጋል። የቁርጭምጭሚቱ እብጠት በዓይን የታየ ነው፤ ስለዚህ «አብጧል» እንጂ «አብጦ ሊሆን ይችላል» አይባልም።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ በ«ሊሆን ይችላል» የታሰሩትን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱ በ«ነው» ቢታሰር ወጣቱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጻፉ።

2. የወጣቱ የደም ምርመራ 640 ፒኮግራም አሳየ እንበል፤ አልትራሳውንድ ግን ገና አልተነሣም። ደጋ ላሉት እናቱ ለምን ወደ ጎንደር መሄድ እንዳስፈለገው የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ። ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አታድርጉ፤ የታወቀውንም አትደብቁ። ከማሰሪያ አንቀጾቹ ሥር አስምሩ።