ስለ ማዳጋስካር ነጭ አበባ

ማዳጋስካር ከአፍሪካ በስተምሥራቅ በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ታላቅ ደሴት ናት። ከዚያች ደሴት በቀር በሌላ አገር ዱር የማይበቅሉ ብዙ አበቦች አሉባት። ከእነርሱም አንዱ የኦርኪድ ወገን የኾነ፥ ኮከብ የሚመስል ነጭ አበባ ነው። ይህ ተክል ብዙ ጊዜ በዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ነገር ግን የዛፉን ምግብ አይቀማም።

ከአበባው በስተኋላ እንደ ጅራት የተንጠለጠለ፥ ውስጡ ክፍት የኾነ ቀጭን ቀሰም አለ። ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የአበባው ማር የሚገኘው ግን በቀሰሙ ታችኛ ጫፍ ብቻ ነው። ንብ ብትመጣ ምላሷ ከዚያ አይደርስም። እንግዲህ ይህ ማር የተዘጋጀው ለማን ነው?

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. ቻርልስ ዳርዊን የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ መርማሪ ይህን አበባ አገኘ። ቀጭን ዘንግ ወደ ቀሰሙ አግብቶ ባወጣ ጊዜ፥ የአበባው ዱቄት በዘንጉ ላይ ተጣብቆ ወጣ። ስለዚህ ምላሷ እንዲህ የረዘመ የእሳት ራት በማዳጋስካር ልትኖር ይገባል ብሎ ጻፈ። ስለ ነፍሳት የሚያጠኑ አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን ሰምተው ሣቁበት። ዳርዊንም የእሳት ራቷን ሳያይ በ1882 ዓ.ም. ሞተ።

በ1903 ዓ.ም. ሁለት ሊቃውንት ከማዳጋስካር የተገኘች አንዲት ታላቅ የእሳት ራት መረመሩ። ምላሷ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነበረ፤ ሲዘረጋም ከ20 ሳንቲሜትር ይበልጣል። በላቲን ቋንቋ «አስቀድሞ የተነገረላት» የሚል ስም ሰጧት። የአበባው ሽታ በሌሊት ይበረታልና፥ እርሷ በጨለማ መጥታ ማሩን ትመጣለች፤ ዱቄቱንም ተሸክማ ወደ ሌላው አበባ ታደርሳለች። አበባውም በዚህ ፍሬ ያፈራል።

የሣቁት ሰዎች ያላዩትን ነገር የለም በማለታቸው ተሳሳቱ። ዛሬም ብዙው የማዳጋስካር ደን ለእርሻና ለከሰል ይቆረጣል። ዛፉ በወደቀ ጊዜ በላዩ የበቀለው አበባ አብሮ ይወድቃል፤ የእሳት ራቷም ምግቧን ታጣለች። ብልህ ሰው ግን ጥቅሙን ያላወቀውን ነገር ከንቱ ነው ብሎ አይንቅም፤ ከማጥፋቱም አስቀድሞ ይመረምራል።