በስቱኮ የተሸፈነ ዐይብ፦ ተሰብሮ ስለተሠራ መኪና፣ ስለ ሊብሬውና ስለ ምርመራው



እንደሚታወቀው የከተማ ሙስሊም ኑሮው በአብዛኛው ከንግድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ንግዱም ከመንገድ። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ ቡና የሚጭነው፣ ጨርቅ የሚያመጣው፣ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ሁሉ አንድ ቀን መኪና ይገዛል፣ ወይም ይሸጣል። ስለ ውዱእና ስለ ሶላት በመስጊድ ደርስ ይሰጠናል፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ መኪና ግዢ ግን የሚያስተምረን ደላላው ብቻ ሆኗል። እኔ በባኬ ጃማ ምድር በጋራዥ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመኪና ሆድ ውስጥ ያየሁትን ከሕጉና ከሸሪዓው ጋር አገናኝቼ ላቀርብ ወደድኩ።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለሆነም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ተቆጠረ፤ ድሮ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ የነበረው የተገለበጠ መኪና ዛሬ ሻንሲው ተቃንቶ፣ ላሜራው ተቀጥሎ፣ በስቱኮና በቀለም አምሮ ገበያ ይወጣል። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ መንገዶች በነበረው የጸጥታ ችግር ስንት መኪና እንደተቃጠለ የምናውቀው ነው። እሳት የበላው ሻንሲ ቀለም ቢቀባም የቀድሞ ጥንካሬው አብሮት አይመለስም።

አንድ የማውቃቸው አባት፣ ቡና ሲነግዱ የኖሩና በእርጅናቸው ዐረፍ ለማለት የፈለጉ ሰው፣ ልጃቸው ከሳዑዲ የላከላቸውን ገንዘብ ከራሳቸው ጥሪት ጋር ደምረው ሚኒባስ ገዙ። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ነው፣ ሊብሬውም በእጅ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ሲወሰድ ግን መርማሪው የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ጠርጎ አየው። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈበት የመዳፍ ስፋት ያለው ብረት ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። መኪናው በፖሊስ ተያዘ። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩልዎ፣ አይተው ገዝተዋል» አላቸው፤ የደላላው ስልክም ከዚያ ቀን በኋላ አልነሣ አለ። እኚህ አባት ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ትክክል ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» ሲሉኝ፣ ወረቀቱ ትክክል የሆነው ለሞተው መኪና እንጂ ለቆመው መኪና አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

እንግዲህ ሊብሬ ምንድን ነው? ሊብሬ አንድን መኪና ከአንድ ባለቤት ጋር የሚያስር ሰነድ ነው። ማሰሪያው ገመድ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከዚህ ቀደም የነበረውን አሠራር በአንድ ሕግ ሰብስቦ አስቀምጦታል። ሳይመዘገብና ሳይመረመር ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ሞተር ሲቀየር፣ የጭነቱ መኪና የሕዝብ ሲሆን ለውጡ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ታውቆ በሰነዱ ላይ መስፈር ይኖርበታል። ሞተር መቀየር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ከሶማሌ ተራ ሞተር ገዝቶ መግጠም የዘወትር ሥራችን ነው። ነገር ግን የሞተሩ ደረሰኝ የት አለ? ሞተሩ ከየትኛው መኪና ወጣ? ሊብሬው ላይስ ተስተካክሏል? ብዙው ባለንብረት እዚህ ላይ ይሰንፋል። ይህ ስንፍና ከዓመታት በኋላ ለገዢው ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ስለ ምርመራው ደግሞ አንድ ሐቅ ልንገራችሁ። ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። የምርመራው መሣሪያ ፍሬኑ በስንት ኃይል እንደሚይዝ፣ መብራቱ ወዴት እንደሚያበራ፣ ጎማው ወደ ጎን እንደሚንሸራተት ወይም እንዳይንሸራተት፣ ጭሱ ምን ያህል እንደሆነ ይለካል። በቀለም ሥር ያለውን ብየዳ ግን አያይም። ብረት ሲበየድ በብየዳው ዳርና ዳር ያለው ክፍል በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል፤ ባዶውን ሲነዳ ምንም አይልም፣ ሙሉ ጭኖ ጉድጓድ ሲመታ ግን መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ ወደ ዴዴሳ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር የምለው ይገባዋል። በዚያ ቁልቁለት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ ፍሬኑ ይግላል፤ ሻንሲው የተጣመመ መኪና ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ከኋላ የተቀመጠችው እናት ስለዚህ ብየዳ የምታውቀው ነገር የለም።

ስለ ቅጥቅጥ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሕዝባችን ስም ሲያወጣ አይስትም! ቅጥቅጥ ማለት የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በመዶሻና በብየዳ የአውቶቡስ አካል ተሠርቶለት የሚወጣው ነው። የሠሪዎቹን ብልሃት አደንቃለሁ፤ ፋብሪካ በሌለበት ስንት አገር ያገለገለ ሥራ ነው። ይሁንና ያ ሻንሲ የታሰበው ለጭነት ነው። ጭነት ዝቅ ብሎ ታስሮ ይቀመጣል፤ ሰው ግን ወንበር ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ማዳበሪያና ፍራሽ ይጫናል። የመኪናው ክብደት ማዕከል ወደ ላይ ይወጣል፣ በኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀናዋል። አምራቾቹ ለአካል ሠሪዎች የሚያወጡት መመሪያ አለ፤ ሻንሲው የት ቢበሳ፣ የት ቢበየድ እንደሚጎዳ በሥዕል ያሳያል። ይህንን መመሪያ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ጋራዥ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ስለዚህ ቅጥቅጥ የሚገዛ ሰው ሊብሬው ላይ ዓይነቱ የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ፣ የወንበሩም ቁጥር በትክክል ተጽፎ እንደሆነ አስቀድሞ ይመልከት። ወንበር የተጨመረበት ሞልቷልና።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር ከመዝገቡ ጀምረው ያዙት። በአሜሪካ በአደጋ ከጥቅም ውጭ የሆነ መኪና በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ተጠግኖ መንገድ መመለስ ከፈለገ የግዛቱ መርማሪ የመለዋወጫውን ደረሰኝ ሳይቀር አይቶ፣ «እንደገና የተሠራ» ተብሎ ይጻፍበታል። ያ ቃል ከሰነዱ ላይ እንዳይፋቅ ነው ሕጉ የሚታገለው፤ እነርሱም ዘንድ ምልክቱን ከግዛት ግዛት አዟዙረው የሚያጥቡ አታላዮች አሉ። እንግሊዞች ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጎዳውን መኪና በአራት ይከፍሉታል፦ ሙሉ በሙሉ የሚጨፈለቅ፣ ዕቃው ወጥቶ አካሉ የሚጨፈለቅ፣ ሻንሲው ወይም አካሉ ተጎድቶ የሚጠገን፣ እንዲሁም ጉዳቱ ወደ ዋናው አካል ያልደረሰ። ሁለተኛውን ልብ በሉ። አካሉ ሲጨፈለቅ ቁጥሩም አብሮ ይሞታል፤ በሌላ መኪና ላይ ሊነሣ አይችልም። በእኛ አገር ሊብሬ ላይ «ተገልብጦ የተሠራ» የሚል ቃል እኔ አይቼ አላውቅም። የኢንሹራንስ ድርጅት ጉዳት የደረሰበትን መኪና በጨረታ «ባለበት ሁኔታ» ሲሸጥ ሊብሬው አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ተጫራች የሚፈልገውም ብረቱን ሳይሆን ሊብሬውን ነው።

ወደ ሸሪዓው ስንመጣ ነገሩ አዲስ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሻጭ የግመልን ወይም የበግን ጡት አስሮ፣ ወተቱን አጠራቅሞ፣ ታላቢ መስላ እንድትሸጥ ማድረግን ከልክለዋል፤ እንዲህ ተታልሎ የገዛ ሰው ካለበ በኋላ መያዝም መመለስም መብቱ መሆኑን፣ ሲመልስም ስለ ወተቱ አንድ ቁና ተምር እንዲሰጥ ፈርደዋል። እኔ ስቱኮንና ቀለምን ሳይ የታሰረው ጡት ነው ትዝ የሚለኝ! መጠገን ሐላል ነው፣ ማሳመርም ሐላል ነው። ጉዳቱን ለመሰወር ሲሆን ግን ጡት ማሰር ሆነ።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለውም ቃል የድሮ ፉቀሃዎች የተከራከሩበት ነው። በሐነፊ መዝሀብ ሻጭ ከዐይብ ሁሉ ነፃ ነኝ ብሎ መሸጡን ይፈቅዳሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የበረታው አቋም ግን እንዲህ ያለው ቃል የሚያድነው በእንስሳ ውስጥ ለተሰወረና ሻጩ ራሱ ላላወቀው ጉድለት ብቻ ነው ይላል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በዚሁ ዓይነት ውል አንድ ባሪያ ሸጠው ገዢው በበሽታ ሲከሳቸው፣ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ጉድለቱን አላውቅም ብለው እንዲምሉ ጠየቋቸው። ኢብን ዑመር መሐላውን ትተው የሸጡትን መልሰው ተቀበሉ። ጥያቄው «ውሉ ምን ይላል?» ሳይሆን «ስትሸጥ ታውቅ ነበር ወይ?» የሚል ነበር። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል የደበቀ ሻጭ ከኃላፊነት ነፃ ያደርገኛል ብሎ ያስገባው ቃል አይጠቅመውም። ያሳለፍናቸውን እኚያን አባት ወደ ሕግ አዋቂ የላክኋቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክራቸው ገና አላለቀም።

ገዢውም ቢሆን ከገዛ በኋላ ባለኃላፊ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ «እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ወጪውን የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት መኪናውን በቀን ብርሃን፣ ታጥቦ ሳይሆን አቧራ ለብሶ እዩት። ትንሽ ማግኔት ያዙና በፓራፋንጎውና በስፖርቴሎው ላይ አስኪዱት፤ ስቱኮው ወፍራም የሆነበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም። ከሥሩ ገብታችሁ ሻንሲውን በሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለኩት፤ ሁለቱ ርዝመቶች ካልተካከሉ ሻንሲው ተጣሟል። የሻንሲ ቁጥሩን በጣት ዳስሱት፤ ዙሪያው የተሞረደ፣ ቀለሙ የተለየ ወይም ፊደላቱ የተዛነፉ ከሆነ ቀብድ አትስጡ። ከዚያ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሂዱ፤ ፋይሉን አስወጥታችሁ ዲክላራሲዮኑን፣ የቀድሞ ባለቤቶቹን፣ ዕዳና እገዳውን አጣሩ። ከእናንተ ጋር ወደዚያ ለመሄድ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ጉድለቱን የነገራችሁ ሻጭ ሲገኝ ደግሞ በዋጋው ላይ አትጨክኑበት፤ የተናገረው ሁሉ ግን በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፦ የትኛው ጎን እንደተመታ፣ ሞተሩ መቼ እንደተቀየረ፣ ሻንሲው የት ላይ እንደተበየደ።

በጨረታ የሚሸጡትን ድርጅቶችና መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መኪናው ለመንገድ ነው ወይስ ለመለዋወጫ የሚሸጠው የሚለው በሽያጩ ቀን ይወሰን። ለመለዋወጫ ከሆነ ታርጋውና ሊብሬው ለመሥሪያ ቤቱ ይመለስ፤ ቁጥሩ ያለበት ብረትም ገዢው ከመረከቡ በፊት በግራይንደር ይቆረጥ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።