ዝንጋታ ሁሉ እርጅና ነውን?

ጥያቄ፦ እናቴ ዝምተኛና ዘንጊ ሆናለች። ሰው «ሐሳብ ነው» ይላል። ከሆርሞን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ የአንጎል ሥራም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ሐሳብ ይጎተታል፣ የማስታወስ ችሎታ ይደክማል፣ ስሜት ይጨልማል። ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና ያለ ምክንያት መወፈር ከታከሉበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። «እንቅርት የላቸውም» የሚል ይኖራል፤ ዕጢው ግን ሳያብጥም ሊደክም ይችላል። ኀዘንና ድባቴም ይህንኑ መልክ ስለሚያመጡ በግምት መፍረድ አይቻልም። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ ታይሮይድ ሲደክም ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ቲኤስኤች የተባለውን ቀስቃሽ ሆርሞን ስለሚያበዛ፣ መጠኑ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ሊቮታይሮክሲን የተባለው ክኒን በሐኪም ትእዛዝ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል። እባክዎ፣ እናትዎን ሳያስመረምሩ «እርጅና ነው» ብለው አይተዉዋቸው።