የዓይን እርጅናና የሽጉጥ ተኩስ

ሰው ዕድሜው 40 ዓመት ሲያልፍ የዓይኑ ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ፥ በቅርብ ያለውን አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ልምድ ያለው ሽጉጥ ተኳሽ እንኳ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ይደበዝዝበታል። ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያጠራው አንድ ርቀት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከኋለኛው ማነጣጠሪያ፥ ከፊተኛውና ከዒላማው መካከል ሊጠራ የሚገባው የፊተኛው ነው፤ የእርሱ ጥቂት መዛነፍ ጥይቱን ከዒላማው ያርቃልና። የንባብ መነጽር ለ40 ሳንቲሜትር ያህል የተበጀ ሲሆን፥ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ግን ክንድ ሲዘረጋ ከዓይን 60 ወይም 70 ሳንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ተኳሹ ጥይት በሌለው ሽጉጥ ይህን ርቀት አስለክቶ ለዓይን ሐኪም ቢያስታውቅ፥ ተስማሚ መነጽር ይታዘዝለታል። ነገር ግን በዚህ መነጽር ሩቁ ስለሚደበዝዝ፥ ዒላማውንና ከበስተኋላው ያለውን አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ቃታ መሳብ አይገባውም።