ቫይረሱ ያለበት ሰው ሌላውን እንዴት ይጠብቃል? ጥናቶቹ ያገኙት

የዛሬው ትምህርት ስለ ኤች.አይ.ቪ ነው። «ሰማነው፣ ሰለቸን» እንዳትሉ! እኔም ተማሪ እያለሁ በፀረ ኤድስ ክበብ የተማርኩት ሁሉ ቫይረሱ ለሌለበት ሰው ነበር። ተጠንቀቁ፣ ታቀቡ፣ ተመርመሩ። ተመርምራ የተገኘባትስ? ለእሷ የሚነገር ብዙም አልነበረም።

ነገሩ ደግሞ እኛን ይመለከታል። በገልፍ አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ የደም ምርመራ ግዴታ ነው፤ ቫይረሱ የተገኘባት ወደ አገሯ ትላካለች። ብዙ ጊዜ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት የለም፣ ሻንጣዋን ይዛ ኤርፖርት ነው። አገር ቤት የቀረ ባል የተገኘበትም አለ። «ከእንግዲህ እንዴት አብረን እንኑር?» የሚለው ጥያቄ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም።

ተመራማሪዎችም ወደዚህ ጥያቄ የመጡት ቆይተው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚሠራ መከላከልን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2004 የወጣውን «ዊሎው» የሚባል ጥናት ልንገራችሁ፣ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። በአላባማና በጆርጂያ የሚኖሩ ቫይረሱ ያለባቸው 366 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም ወገኖች አራት አራት ጊዜ ተሰብስበው ተማሩ። አንደኛው ወገን ስለ ኮንዶም አጠቃቀም፣ ከወንድ ጋር ስለ መነጋገር፣ ስለ ጭንቀት፣ የሚጎዳ ግንኙነትን ስለ መለየት ተማረ፤ ሌላው ስለ መድኃኒት አወሳሰድና ስለ አመጋገብ። ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ሴቶች ነበሩ።

ሁለተኛውን ወገን ለምን አስተማሩት ትሉ ይሆናል። ምን ማለት መሰላችሁ፣ ሁለት ሊጥ አቡክታችሁ እርሾው መሥራቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ዱቄቱም ውኃውም ምድጃውም አንድ መሆን አለበት፣ እርሾው ብቻ ይለያይ። እዚህም መሰብሰቡና መጫወቱ ብቻውን ለውጥ እንዳላመጣ ለማወቅ ነው።

ዓመት ተከታተሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ያለ ኮንዶም የሚያደርጉት ግንኙነት ቀነሰ። ሰው ግን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደስ የሚለውን ይናገራል፣ እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ በላቦራቶሪም መረመሯቸው፤ ክላሚዲያና ጨብጥ በነዚህ ሴቶች ላይ አንሶ ተገኘ። ወሬ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ነገር መጣ። በዘጠኝ አገሮች 1,763 ጥንዶችን፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት፣ የተከታተለ ጥናት ነበር። ውጤቱ በ2011 ሲወጣ መድኃኒት ቶሎ መጀመር ወደ ጓደኛ መተላለፍን በ96 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2016 ደግሞ በአውሮፓ 888 ጥንዶችን የተከታተለው «ፓርትነር» ውጤቱን አወጣ። ቫይረሱ ያለበት ጓደኛ መድኃኒቱን እየወሰደ ቫይረሱ እጅግ ዝቅ ካለ፣ ያለ ኮንዶም ከተደረጉት 58,000 ገደማ ግንኙነቶች አንዱ እንኳ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ አላስተላለፈም። ዜሮ! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም ብሏል።

ታዲያ የጠባይ ትምህርቱ ቀረ? አልቀረም፣ ቦታውን ቀየረ እንጂ። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ራሱ ጠባይ ነው። ሰው እንዳያይብኝ ብላ ደብቃ የምትውጥ ሴት ቀን ታሳልፋለች፤ ለባሏ የነገረች የሚያስታውሳት አላት። መንገር ግን ቀላል አይደለም፣ ዱላ የሚያነሳም አለ። ለዚያ ነው የሚጎዳ ግንኙነትን መለየት ከትምህርቱ ውስጥ የገባው። የሚደባደብ ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፣ የጤና ባለሙያ ባለበት ይሁን።

በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ቫይራል ሎድ» የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፣ የቫይረሱን መጠን የሚነግረው እሱ ነው። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ድረስ እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ጨብጥንና ቂጥኝን መድኃኒቱ አይከላከልም። ቫይረሱ ለሌለበት የትዳር ጓደኛም «ፕሬፕ» የሚባል አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ ክኒን አለ፣ ስሙን ያዙት።