የማኅበር አመራርን የማጥናት ዓላማ

በማኅበርም ሆነ በመሥሪያ ቤት ስላለው አመራር የምናጠናው ለሹመት ሳይሆን ሥራው እንዳይፈርስ ነው። ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በአዮዋ፣ የልጆች ክበባትን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ውጤቱን አሳተሙ። በትእዛዝ ብቻ የሚመሩት ልጆች አለቃቸው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸውን ያቋርጡ ነበር፤ ተመካክረው የሚሠሩት ግን ይቀጥሉ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን ልንማር ይገባናል፦

፩ኛ/ ማዘዝንና መምራትን ለይቶ ማወቅ፤
፪ኛ/ ሥራን ከነኃላፊነቱ ማከፋፈል፤
፫ኛ/ ተተኪን አስቀድሞ ማዘጋጀት።

በስደት ካቋቋምናቸው ማኅበራት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆሙት ጥቂቶች አይደሉም። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ነገ እኛ ብንቀር ስብሰባውን ማን ይመራል? መዝገቡስ የት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል?