ርዕስ አጣሁ አትበሉ

የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት ሲቃረብ ካምፓስ ውስጥ የሚወራው ወሬ አንድ ነው። «ርዕስህ ጸደቀ?» «ኧረ ሁለቴ ተመለሰብኝ!» «አንቺስ?» «እኔማ የአምናዎቹን ሳገላብጥ ነው የዋልኩት።» ኢንጂነሪንግ ይማር ጤና፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሁን ሥነ ጽሑፍ፣ ተመራቂ ሁሉ ይህችን ጭንቀት ይጨነቃታል። ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ ያድርና ጠዋት አማካሪው ቢሮ በር ላይ ሲቆም በእጁ የያዘው አገር የሚያህል ርዕስ ነው። «የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው»። አማካሪው ርዕሱን አንብበው ሳይጨርሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አይዟችሁ! የምሥራች ይዤላችኋለሁ። ጥሩ ጥናት አገር የሚያህል ርዕስ አይፈልግም። የሚፈልገው አንዲት ጥያቄ ነው፤ ለክታችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ አመዛዝናችሁ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «ይህን ያህል» የምትሉባት ጥያቄ። እንዲህ ያለችው ጥያቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየ በሚያልፈው ነገር ላይ ነው።

እስቲ ዓድዋ ወንዝ ዳር እንውረድ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ናቸው። የወረዱት ብልሃርዚያን ሊያጠኑ ነው። የዚህ በሽታ ትል ከዕድሜው የተወሰነውን የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። ከዚያ ይወጣና ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታውን የሚያጠና ሰው ቀንድ አውጣ ሲለቅምና ሲቆጥር ይውላል።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ እንዴት ፏ እንደሚል የገጠር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። የወጣቱን ተመራማሪ ዓይን የያዘው ግን ልብሱ አልነበረም። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። በሌላው የወንዙ ክፍል እንዲያ የለም።

በዚያ ወንዝ ስንት ትውልድ ልብስ አጥቧል! የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም አይጠፋም። አክሊሉ ግን አይተው አላለፉም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ ከተቱና ከአጣቢዎቹ ያገኙትን የእንዶድ አረፋ ጨመሩባቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው፤ ዕቃ፣ ውኃ፣ አረፋ። ጥያቄዋም «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ወይ?» የምትል ነበረች፤ ብትቆጠር አምስት ቃል ናት።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንዲያ ቀላል አልነበረም፤ አልደብቃችሁም። እ.ኤ.አ. በ1966 በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው የመስክ ሙከራ በትናንሽ ልጆች ላይ ይታይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ዘር እያነጻጸሩ ከሁሉ የበረታውን «ዓይነት 44» መርጠው አወጡ። እንዲህም ሆኖ የውጭው ዓለም ቶሎ አላመነም። ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደማያመጣ ዓለም አቀፍ መመዘኛ በሚያሟላ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ ተባለ፤ ለዚያ ገንዘብም ላቦራቶሪም ማግኘት ዓመታት በላ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ መድረኩ 25 ዓመት! ኢንስቲትዩቱ ዛሬ የሚጠራው በአክሊሉ ለማ ስም ነው።

እናንተ 25 ዓመት የላችሁም፤ ያላችሁ አንድ ሴሚስተር ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ቢሆንም በአንድ ሴሚስተር አምስት ቃል የምትሆን ጥያቄ ይዞ ዕቃ ውስጥ መሞከር ይቻላል። የማይቻለው አገሪቱን በሙሉ ማከም ነው። አማካሪዎች «አጥብበው፣ አጥቢው» እያሉ የሚያሰለቹን ለዚህ ነው። ነገሩ ክፋት የሚመስለን ብዙዎች ነን። አንድ ርዕስ በጠበበ ቁጥር ግን ተመራማሪው የሚጨብጠው ይበዛል።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆናችሁ ወንዝ መውረድም አያስፈልጋችሁ፤ ማድ ቤት ግቡ። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከማገዶው ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ መጋገሪያ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ተጥዶ ሲጋገር እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ጭሱን ጋጋሪዋ ትጠጣዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ እየተቀረጸ፣ ዙሪያውን የሚዘጋ፣ እሳቱን ምጣዱ ሥር የሚይዝ ሆኖ መጣ። በሙከራ ሲለካ ከሦስት ጉልቻ አንጻር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል።

ግማሽ መሆኑ እንዴት ታወቀ? እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የጥናት ውበቱ ያለው እዚህ ነው። እንጨቱ ከመለኮሱ በፊት ይመዘናል። ሊጡ ከአንድ ቡኮ ይቀዳል። ጋጋሪዋ አንድ ሰው ትሆናለች፤ የአንዷ እጅ ከሌላዋ ይለያልና። ምጣዱ ይሰማል፣ ይታሰሳል፣ ጋገራው ይጀመራል። ሲያበቃ የተረፈው እንጨትና ፍሙ ይመዘናል፤ የተጋገረው እንጀራም እንዲሁ። ከዚያ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት እንደነደደ በማካፈል ይወጣል። በሌላኛውም ምድጃ ያው ይደገማል፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ መዋዠቁን እስኪተው ድረስ። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ደብተርና አንዲት ጎበዝ ጋጋሪ ነው። ፍርዱን የምትሰጠውም እሷ ናት። እንጀራው ዓይን ካላወጣ የፈለገውን ያህል ማገዶ ቢቆጥብ ማንም ቤቱ አያስገባውም፤ ይህንን ረስተው በወረቀት ላይ ብቻ ያማሩ ምድጃዎች ስንትና ስንት ናቸው!

የኤሌክትሪክ ምጣዱስ? መሀሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ የሚሆንበት ምጣድ በየቤቱ አለ። በመሀሉና በዳሩ መካከል ስንት ዲግሪ ልዩነት አለ? የሸክላው ውፍረት ቢቀንስ ልዩነቱ ይሰፋል ይጠባል? ይህ ለሜካኒካልም ለኤሌክትሪካልም ተማሪ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ነው። ቴርሞሜትሩን ከዲፓርትመንቱ ላብ ትዋሳላችሁ፤ ምጣዱ ቤት አለ።

«ዳታ የለም» የምትል ሰበብ ደግሞ አለች። የኮምፒውተር ልጆች በጣም ይወዷታል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ጥናት እዩ። ጥያቄያቸው «ከፊት ገጽታ ጾታ የሚለዩት ፕሮግራሞች ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራሉ?» የሚል ነበር። ምን ላይ ሞከሩት? በሦስት የአፍሪካና በሦስት የአውሮፓ አገሮች የፓርላማ አባላት ፎቶ ላይ፤ ማንም ሊያየው በሚችለው ላይ ማለት ነው። የ1270 ሰው ፎቶ ሰበሰቡና ውጤቱን በጅምላ ማየቱን ትተው በቆዳ ቀለምና በጾታ ከፋፍለው አዩት። ነጣ ባሉት ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ ጠቆር ባሉት ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ፕሮግራሞቹ የታላላቅ ኩባንያዎች ነበሩ። በአማካዩ ሲታዩ ሸጋ ናቸው፤ ሲከፋፈሉ ጉዳቸው ወጣ።

የእኛው ፊደል ደግሞ ገና ታርሶ ያላለቀ ማሳ ነው። ፊደላችን የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይቀር እንደነበር ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ዛሬ መጻፉ ቀሏል፤ መፈለጉ ግን ገና ነው። አንዱ «ዓለም» ይጽፋል፣ ሌላው «አለም»። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ»። የመፈለጊያ ፕሮግራሙ ሁለቱን እንደ ሁለት ቃል ከቆጠራቸው የምትፈልጉት ሰነድ ግማሹ ተደብቆ ይቀራል። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ቢያመጧቸው ፍለጋው ስንት በመቶ ይሻሻላል? የሚበላሸውስ ምንድን ነው? ስልካችሁ ላይ ካለው የጋዜጣ ጽሑፍ ተነሥታችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከመሄድ ደጃፍ ያለውን ማየት ይሻላል።

አሁን ወደዚያች የአምናዎቹን ስታገላብጥ ወደዋለችው ልጅ ልመለስ። ልታፍር አይገባትም፤ ገልብጣ እስካላስረከበች ድረስ ማለቴ ነው። ያለፉት ተመራቂዎች ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «ለወደፊት ጥናት» የሚል ንዑስ ርዕስ አለ። ብዙ ሰው ለወግ ያህል ይጽፈዋል፤ አንባቢም ይዘለዋል። ውስጡ ግን ሰው ጊዜ አጥሮት የተዋቸው ጥያቄዎች ተቀምጠዋል። ማንሣት ነው!

የሰው ጅምር መጨረስ ያሳፍራል የሚል ካለ የግእዙን መዝገበ ቃላት ይመልከት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ሳይፈጽሙት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው አለፉ። ኪዳነ ወልድ ኢየሩሳሌም ተቀምጠው ዕብራይስጡንና ሌሎቹን የሴም ቋንቋዎች ተምረው ግእዙን ከዘመዶቹ ጋር እያስተያዩ አሰፉት፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራው ደቀ መዝሙራቸው በነበሩት በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ገባ። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ደስታ ከዚያ በኋላ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። እስከ ዛሬ ግእዝ የሚያጠና ሰው ያንን መጽሐፍ ሳይገልጥ አይውልም፤ የሦስት ሰው ዕድሜ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለው።

ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ፣ «የእኛ ነገር ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከዘመድ የሚሰነዘርባችሁ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌንም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ሚኔሶታ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ሠሩላቸው። ይህ ምን መጽሐፍ ነው? ማን ጻፈው? በማን ዘመን? በእያንዳንዱ ብራና ላይ ያው ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ፌሎውሺፕ የተሰጣቸው በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ የሚመረምር ሰው በእሳቸው ካታሎግ ይመራል።

እንግዲህ ተነሡ! መጠይቅ በትኖ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያሉ ማስሞላቱ ለአንዳንድ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። እኔ ብጠየቅ ከመጠይቁ በፊት አንድ ነገር በዓይን ማየትን አስቀድማለሁ። የጤና ተማሪ ናችሁ? ጤና ጣቢያው ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ካርድ ከማውጣት ሐኪም እስከማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። የትኛው በር ላይ ነው ሰልፉ የሚቆመው? በየትኛው ሰዓት? እንዲህ ያለው ነገር ሲቆጠር ጥያቄው በራሱ ጊዜ እየጠራ ይመጣል። ከታካሚ ምንም ሳትጠይቁ ብትቆጥሩ እንኳ አስቀድማችሁ ፈቃድ ማስጨረሳችሁን አትርሱ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ከምታስቡት በላይ ይዘገያል።

ዛሬ ማታ ያንን ሦስት መስመር የፈጀ ርዕስ አውጡና ሥሩ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ምን እንደምትለኩ፣ በምን እንደምትለኩ፣ እስከ መቼ እንደምትጨርሱ ከጎኑ ጨምሩ። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ጥያቄውን እንደገና አጥብቡት። ለዶርም ጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆን ይመረጣል። «እና?» ካላችሁ ገና ነው፤ «መልሱ ምን ይሆን?» ካላችሁ ደርሳችኋል። በማግስቱ አማካሪያችሁ ጊዜ የለኝም ቢሏችሁ ቡና ሰዓት ላይ ጠብቋቸው። አምስት ቃል ለመስማት አንድ ስኒ ይበቃቸዋል፤ ሒሳቡን ግን እናንተ ክፈሉ።